የተጠረዘ ወረቀት የማይናገረው
ተማሪ መመራመር መቻሉ በምን ይታወቃል?

ለ170 የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንድ ፎቶግራፍ ቀረበላቸው። የዴዚ አበቦች ናቸው፤ የአንዳንዶቹ መሃል ተለጥጦ ረዝሟል፣ ሌሎቹ ሁለት ሆነው ተጣብቀዋል። ኢምገር ከተባለ የፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ የተወሰደ ነው። አብሮት ያለው ጽሑፍ አበቦቹን እንዲህ ያደረጋቸው በጃፓን ፉኩሺማ የደረሰው የኒውክሌር አደጋ ነው ይላል። ተማሪዎቹ የተጠየቁት፣ ምስሉ በኃይል ማመንጫው አካባቢ ስላለው ሁኔታ ጠንካራ ማስረጃ መሆን አለመሆኑን ከነምክንያቱ እንዲጽፉ ነበር።

ወደ 40 ከመቶ የሚጠጉት ጠንካራ ማስረጃ ነው አሉ። ነገሩ በፎቶ እየታየ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል ብለው ተከራከሩ። ሩብ ያህሉ ማስረጃ አይሆንም ቢሉም ምክንያታቸው ሌላ ነበር፤ ምስሉ አበባ ብቻ ስላሳየ፣ የሌሎች ዕፀዋትና የእንስሳት ሁኔታ ስላልተካተተበት አልበቃቸውም። ፎቶውን ያነሣው ማን ነው? የት ነው የተነሣው? ብለው የጠየቁት ከ20 ከመቶ በታች ናቸው። እንዲህ ያለው የአበባ መዛባት ደግሞ ጨረር በሌለበት አገርም ያጋጥማል፤ በባክቴሪያ፣ በነፍሳት ወይም በውርጭ ጉዳት ሊመጣ ይችላል።

ፈተናውን ያዘጋጀው በሳም ዋይንበርግ ይመራ የነበረው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ጥናት ቡድን ነው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. ከጥር 2015 እስከ ሰኔ 2016 ድረስ በ12 ግዛቶች 7,804 የተማሪ መልሶችን ሰብስቦ መረመረ። በ2019 ይፋ ባደረገው ሌላ ጥናት ደግሞ 3,446 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ኢንተርኔት ፊት አስቀመጣቸው። አንደኛው ጥያቄ በ2016ቱ የዲሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ድምፅ ሲጭበረበር ያሳያል የተባለ የፌስቡክ ቪዲዮ ነበር። ቪዲዮው የተቀረጸው ሩሲያ ውስጥ ነው። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃና አንድ ፍለጋ ብቻ ነበር፤ ተማሪዎቹም የፈለጉትን ድረ ገጽ መክፈት ይችሉ ነበር። ያም ሆኖ 52 ከመቶው ቪዲዮውን ጠንካራ ማስረጃ አድርገው ተቀበሉት። እስከ መነሻው ድረስ ተከታትለው ሩሲያ የደረሱት ሦስት ተማሪዎች ናቸው።

እነዚህ ልጆች ስልክ መነካካት የሚያስተምራቸው አይፈልጉም። በየትምህርት ቤታቸውም ሽፋን፣ መግቢያ፣ ዋቢና መደምደሚያ ያለው ጽሑፍ አዘጋጅቶ ማስረከብ የተለመደ ነው። ወረቀቱን አሳምሮ ማቅረብ ሌላ፣ መመራመር ሌላ መሆኑን ግን የፈተናው ውጤት አሳየ። አስተማሪዎችን የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው። ተጠርዞ የሚቀርበው ወረቀት ተማሪው የደረሰበትን ያሳያል እንጂ እንዴት እንደደረሰ አይናገርም፤ የምርምር ክህሎት ያለው ደግሞ በዚያ በማይታየው መንገድ ላይ ነው።

መጀመሪያ ማንን ትጠይቃለህ?

ዋይንበርግ ይህን ልዩነት የተከታተለው ከኢንተርኔት ዘመን በፊት ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት ስምንት የታሪክ ምሁራንንና ስምንት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለየብቻ አስቀምጦ፣ የአሜሪካ አብዮት ስለጀመረበት የሌክሲንግተን ውጊያ የሚናገሩ ሰነዶች ሰጣቸው። የሚያስቡትን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እየተናገሩ እንዲያነቡ ነበር የተጠየቁት። ተማሪዎቹ ከመጀመሪያው መስመር ተነሥተው እስከ መጨረሻው ወረዱ። ምሁራኑ ሰነዱ እጃቸው እንደገባ ዓይናቸው ወደ ግርጌው ሄደ፦ ማን ጻፈው? መቼ? ለማን? ምሁራኑ ምንጩን ለማጤን ካገኙት ዕድል 98 ከመቶውን ሲጠቀሙበት ተማሪዎቹ የተጠቀሙበት 31 ከመቶውን ብቻ ነው። ከምሁራኑ መካከል ሌላ ዘመን የሚያጠኑ ስለነበሩ፣ ስለ አሜሪካ አብዮት ዝርዝር ከአንዳንዶቹ ተማሪዎች ያነሰ የሚያውቁም ነበሩበት። ስለዚህ ልዩነቱን የፈጠረው የእውቀታቸው ብዛት ብቻ አልነበረም። የማንበብ ልማዳቸው ነው የለያቸው።

ኢንተርኔት ከመጣ በኋላ ግን ይህ የምሁራን ልማድ ራሱ አልበቃ አለ። ዋይንበርግና የጥናት ባልደረባው ሳራ ማክግሩ 45 ሰዎችን ፈተኑ፦ 10 የታሪክ ምሁራን፣ 10 የዜና ተቋማት መረጃ አጣሪዎችና 25 የስታንፎርድ ተማሪዎች። ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች አንዱ የሁለት የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራትን ድረ ገጾች ማወዳደር ነበር። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1930 የተመሠረተውና ከ60 ሺህ በላይ አባላት ያሉት የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ ነው። ሌላው በ2002 ከእርሱ የተገነጠለ አነስተኛ ቡድን ሲሆን፣ ስሙ ከአካዳሚው ጋር ይምታታል፤ ድረ ገጹም ያማረ ነው፤ ዋቢ የተደረደረባቸው ጽሑፎችም አሉት። መረጃ አጣሪዎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚታመነው አካዳሚው መሆኑን ለዩ። ከታሪክ ምሁራኑ ግን ግማሹ ብቻ ነው የለየው፤ ከተማሪዎቹ የሚበዙት ደግሞ ተገንጣዩን ቡድን መረጡ።

መረጃ አጣሪዎቹ ምን አደረጉ? ድረ ገጹን ከፍተው ብዙ አልቆዩበትም። አዲስ መስኮት ከፈቱና ሌሎች ስለዚያ ድርጅት ምን እንደሚሉ ፈለጉ። ከዚያ ነው ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሰው ማንበብ የጀመሩት። አጥኚዎቹ ይህን ወደ ጎን ማንበብ ብለውታል። ሌሎቹ ግን ከላይ ወደ ታች እየወረዱ ነበር፤ ያማረው አርማ፣ የተደረደረው ዋቢና የተጣራው ቋንቋ አሳመናቸው። እነዚህን ሁሉ ደግሞ ገንዘብ ያለው ማንኛውም ሰው አሠርቶ ሊያቀርባቸው ይችላል።

ይህን ልማድ ማስተማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ የትምህርት ወረዳ 499 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተደርጓል። የተማሩት ክፍሎች እያንዳንዳቸው 50 ደቂቃ የሚወስዱ ስድስት ክፍለ ጊዜዎች ብቻ ነበር ያገኙት፤ የሰጧቸውም የራሳቸው መደበኛ መምህራን ናቸው። ተማሪዎቹ ምንጭ በመለየት በመደበኛው ትምህርት ከቀጠሉት ጓደኞቻቸው ተሽለው ተገኙ። ውጤቱ ሁሉንም ጎበዝ አላደረጋቸውም፤ ከሙሉ ነጥቡ ገና ሩቅ ነበሩ። ነገር ግን ስድስት ክፍለ ጊዜ ይህን ያህል ከለወጠ፣ ለዓመታት ቢዘልቅ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያመለክታል።

ጥያቄውን ማን ያውጣ?

ምንጭ ከመመርመር የሚቀድም ሌላ ሥራ አለ፤ እርሱም ጥያቄ ማውጣት ነው። በብዙ ክፍሎች ውስጥ ይህን የሚሠራው መምህሩ ነው። ሰሌዳው ላይ ርእስ ይጻፋል፣ ማስረከቢያው ቀን ይነገራል፣ የቀረው የተማሪው ነው። የምርምሩ ከባድ ክፍል የተማሪው እጅ ሳይገባ ያልፋል።

ዳን ሮትስታይንና ሉዝ ሳንታና ይህን ጉድለት ያስተዋሉት በወላጆች ላይ ነው። በማሳቹሴትስ ግዛት ሎረንስ በምትባል ከተማ፣ ተማሪዎች ትምህርት እንዳያቋርጡ በሚሠራ ፕሮግራም ውስጥ ሲያገለግሉ፣ ወላጆቹ ለምን ወደ ትምህርት ቤት እንደማይመጡ ጠየቋቸው። ምን እንደምንጠይቅ እንኳ አናውቅም የሚል ነበር መልሳቸው። ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ ጥያቄ እያዘጋጁ ሰጧቸው። ወላጆቹ ግን ለሚቀጥለው ጊዜም ሌላ ጥያቄ ፈልገው ተመለሱ። ስለዚህ ጥያቄ መስጠቱን ትተው ጥያቄ ማውጣትን ማስተማር ጀመሩ፤ ይህም አድጎ መምህራን ዛሬ በብዙ አገር የሚጠቀሙበት ዘዴ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት መጽሐፍ ደንቦቹን አስቀምጠዋል፦ የቻልከውን ያህል ጠይቅ፤ ለመመለስም ሆነ ለመተቸት አትቁም፤ ጥያቄው እንደተነገረ ይጻፍ፤ ዐረፍተ ነገር ከመጣ ወደ ጥያቄ ይለወጥ። ከዚያ በአንድ ቃል የሚመለሱትና ሰፊ መልስ የሚፈልጉት ይለያሉ፣ በመጨረሻም ሦስት ይመረጣሉ።

ይህ በአንድ የኢትዮጵያ ከተማ፣ በ10ኛ ክፍል ቢሠራ ምን ሊመስል ይችላል? መነሻው ጤፍ ተወዷል የሚለው የሁሉም ቤት ወሬ ይሁን። ተማሪዎቹ ይደረድራሉ፦ በእርግጥ ተወዷል? ከመቼ ጀምሮ? ነጋዴው ከማን ይገዛል? ነጩና ሰርገኛው እኩል ነው የጨመሩት? ወፍጮ ቤት የሚመጣው እህል ቀንሷል? ከዚህ ሁሉ አንዱ ተመርጦ ይጠባል፦ በከተማችን ገበያ የነጭና የሰርገኛ ጤፍ የዋጋ ልዩነት በስድስት ሳምንት ውስጥ ሰፋ ወይስ ጠበበ? አሁን ጥያቄው ሊመለስ የሚችል ሆነ።

ከዚያ ሥራው ራሱ ያስተምራል። ነጋዴው የሚጠራው ዋጋና ገዢው ተከራክሮ የሚከፍለው አንድ አይደሉም፤ የትኛው ነው የሚመዘገበው? በኪሎ ነው በኩንታል? ጠዋት የሄደው ተማሪና ከሰዓት የሄደችው ተማሪ የተለያየ ዋጋ ይዘው ቢመጡስ? ሻጭ ገበያው ቀዝቅዟል ሲል፣ ገዢ እሳት ሆኗል ሲል፣ ሁለቱም ለምን እንዲህ እንደሚሉ ማሰብ ምንጭ መመርመር ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከሚያወጣው የዋጋ መረጃ ጋር ማስተያየትም ይቻላል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እስክሪብቶና የገበያ ቀን ነው።

መሃል ላይ የሚመጣው ግራ መጋባት

ካሮል ኩልታው በኒው ጀርዚ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳለች፣ ተማሪዎች ርእስ ይዘው በደስታ እንደሚጀምሩ፣ ጥቂት ካነበቡ በኋላ ግን ፊታቸው እንደሚጠቁር ታስተውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትላ፣ የመረጃ ፍለጋን በስድስት ደረጃዎች ከፈለችው፦ መነሻ፣ ርእስ መምረጥ፣ ማሰስ፣ የራስን ትኩረት መቅረጽ፣ ማስረጃ መሰብሰብና ማቅረብ። ከእያንዳንዱ ጋር የሚሄደውን ስሜትም መዘገበች። ርእስ ሲመረጥ ተስፋ ይመጣል፤ በማሰስ ጊዜ ግን መተማመን ያሽቆለቁላል። ያነበቡት እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ያሰቡት አይገኝም፣ የተገኘው አይገባም። መተማመኑ የሚመለሰው ተማሪው የራሱን ትኩረት ሲያገኝ ነው።

ግራ መጋባቱ የስንፍና ወይም የድክመት ምልክት አይደለም፤ ሥራው በትክክል እየሄደ ሲሆን የሚመጣ ነው። ይህን ያልተነገረው ተማሪ ግን እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም ብሎ ይደመድምና የጓደኛውን ወረቀት ወይም የኢንተርኔቱን ገጽ ይገለብጣል። ሥራው ሲሰጥና ማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ብቻ ከተማሪው ጋር የሚገናኝ መምህር ይህን ጊዜ አያየውም። የኩልታው ምክር መምህሩና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው በዚያ መሃል ላይ እንዲገኙ ነው።

መንገዱን መመዘን

መንገዱ ካልተመዘነ አይሠራም፤ ተማሪ ነጥብ የሌለበትን ነገር እንደማይሠራ ማንም መምህር ያውቃል። ይህን በስፋት ከሞከሩት አንዱ ዓለም አቀፉ ባካሎሬት ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ጄኔቫ ውስጥ የተቋቋመ ሲሆን፣ ዲፕሎማውን የሚሰጡ ጥቂት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች አዲስ አበባም ውስጥ አሉ። ዲፕሎማውን የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ ራሱ በመረጠው ጥያቄ ላይ እስከ 4,000 ቃል የሚደርስ ጽሑፍ ያዘጋጃል። ወደ 40 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ የአማካሪው መምህር ድርሻ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ነው። እርማቱ የሚከናወነው ተማሪውን በማያውቁ የውጭ መርማሪዎች ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2018 ፈተና ጀምሮ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየውን መመዘኛ ማየት ያስተምራል። ከ34 ነጥብ 12ቱ የተሰጡት ለሂሳዊ አስተሳሰብ ነበር። ለአቀራረብ፣ ማለትም ለሽፋኑ፣ ለገጽ ቁጥሩና ለዋቢው አደራደር የተሰጡት 4 ብቻ ነበሩ። ስድስት ነጥብ ደግሞ ለተማሪው ተሳትፎ ተመድቦ ነበር። ይህ ይመዘን የነበረው ተማሪው ከአማካሪው ጋር ሦስት ጊዜ ተገናኝቶ በሚጽፈው የ500 ቃል ማስታወሻ ነው፦ ምን አስቦ ጀመረ? የት ተሰናከለ? ለምን ሐሳቡን ቀየረ? የመጨረሻው ግንኙነት የቃል ጥያቄ ነው። የራሱን ሥራ የሠራ ተማሪ ለምን ይህን ምንጭ ትተህ ያንን መረጥክ ሲባል የሚመልሰው አያጣም።

በእንግሊዝ የሚሰጠው የተራዘመ ፕሮጀክትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ተማሪው 5,000 ቃል ያህል ጽሑፍ ወይም በእጅ የተሠራ ነገር ያቀርባል፤ ከዚያ ጋር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የያዘውን የሥራ መዝገብ ያስረክባል፣ ሰው ፊት ቆሞም ያስረዳል። ከፈታኝ ተቋማቱ አንዱ የሆነው ኤኪውኤ ለመጨረሻው ውጤት የሚሰጠው 40 ከመቶ ነው። ቀሪው 60 ከመቶ ለዕቅድ አያያዝ፣ ለምንጭ አጠቃቀምና ራስን ለመገምገም ይከፋፈላል። ያሰበው ያልተሳካለት ተማሪ ለምን እንዳልተሳካ በማስረጃ ካሳየ በዚያ ነጥብ ያገኛል።

ቻትጂፒቲን የመሳሰሉ መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ ይህ አሠራር ይበልጥ አስፈልጓል። ባለቀ ወረቀት ላይ የቆመ ምዘና በደቂቃዎች ውስጥ ሊፈርስ ይችላል። ዓለም አቀፉ ባካሎሬት እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ መሣሪያውን እንደማይከለክል አስታወቀ፤ ከእርሱ የተወሰደ ነገር ግን እንደማንኛውም ምንጭ መጠቀስ አለበት፣ የራስ አስመስሎ ማቅረብም ማጭበርበር ነው።

ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው የቡድን አሳይመንትን ያውቀዋል። አንድ ተማሪ ይጽፋል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስገባሉ፣ ኮምፒውተር ቤት ተተይቦና ተጠርዞ ይቀርባል። የሽፋኑ ውበት ነጥብ ያስጨምራል የሚል እምነትም አለ። መምህሩ ያለበት ችግር ግልጽ ነው፦ ክፍሉ ሞልቷል፣ የሚያስተምራቸው ክፍሎች ብዙ ናቸው፣ ምዕራፉ ከፈተና በፊት ማለቅ አለበት። ሁሉም ነገር ወደዚያ ፈተና ያመራል፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደግሞ በምርጫ የሚመለስ ነው።

የመገልበጥን ጉዳት አገሪቱ በዚያው ፈተና አይታዋለች። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመከላከል ሲባል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው ሲሰጥ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። የፈተና አዳራሹን መጠበቅ የተቻለው በፖሊስ፣ በአውቶቡስና በግቢ አጥር ነው። በየክፍሉ የሚሰጠውን አሳይመንት ግን በዚህ መንገድ መጠበቅ አይቻልም። እርሱን የሚጠብቀው አመዛዘኑ ነው፤ ይህን ለመለወጥ ደግሞ ከላይ ትእዛዝ መጠበቅ የግድ አይደለም፤ ለተከታታይ ምዘና ከሚያዘው ነጥብ ላይ መጀመር ይቻላል።

አንድ የጂኦግራፊ ወይም የኢኮኖሚክስ መምህር ለአንድ ፕሮጀክት 20 ነጥብ ይዟል እንበል። አራቱን ለጥያቄው ይስጥ፦ ጠባብ ነው ወይ? ሊመለስ ይችላል ወይ? ስድስቱን ለምንጮች፦ ቢያንስ ሁለት የማይስማሙ ምንጮች ተገናዝበዋል ወይ? አምስቱን ቀንና ቦታ ለተጻፈበት የሥራ መዝገብ፣ ሦስቱን ከማስረጃው ላልዘለለ መደምደሚያ፣ የቀሩትን ሁለት ለአቀራረብ። ስልሳው ተማሪ በአምስት አምስት ቢከፈል 12 ቡድን ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ የቃል ጥያቄ ቢሰጥ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ይኸውም የ40 ደቂቃ ሦስት ክፍለ ጊዜ ማለት ነው። የሚመልሰውን መምህሩ ከቡድኑ በድንገት ከመረጠ፣ ስሙን ብቻ ያስገባ ተማሪ እዚያው ይታወቃል። በእጅ የተጻፈ ደብተርም እንደተተየበ ወረቀት እኩል ይቆጠር፤ ያለዚያ ለኮምፒውተር ቤት የሚከፍለው የሌለው ልጅ ባልበደለበት ይቀጣል።

ሦስት ክፍለ ጊዜ ትንሽ አይደለም፤ ከምዕራፍ ላይ ይቆረጣል። የትምህርት ክፍል ኃላፊውና ርእሰ መምህሩ ይህን ቀድመው በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ካላስገቡት፣ ሸክሙ በአንድ ትጉህ መምህር ትከሻ ላይ ይወድቅና እርሱ ሲዛወር ሥራው ይቀራል። የመምህራን ማሠልጠኛዎችም ድርሻ አላቸው። ራሱ ጥያቄ አውጥቶ፣ ምንጭ አገናዝቦ፣ ሐሳቡን በማስረጃ ቀይሮ የማያውቅ ዕጩ መምህር፣ ለተማሪው የሚያሳየው የሽፋን ገጽ አጻጻፍን ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመርበት አንዱ ቦታ የዕጩ መምህራኑ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ እርሱም በመዝገብና በቃል ጥያቄ ሊመዘን ይገባል።